እጅ ከመታጠብ በፊት

ሲሚንቶ ጠፋና ሥራው ቆመ ሦስት ቀን፣
ፎርማኑ «እረፍት ነው» ብሎ አሰናበተን።
እረፍት ይሉት ነገር ኪሱ ላልሞላ ሰው
ቁጭ ብሎ መራብ ነው፤ ሌላ ስም የለው።

እኔና ሞላልኝ፣ ሁለት ሴራሚክ ሠሪ፣
የሰው ሳሎን አንጥፈን በቆርቆሮ አዳሪ፣
ተነሣን በጠዋት ወደ ቱሉ ዲምቱ፤
እሱ ለውርርዱ፣ እኔ ለበያይነቱ።

ውርርድ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ስክሪኑ ብቻ በርቷል፤
ስድስት ውሻ ከሳጥን በየሦስት ደቂቃ ይፈታል።
የማይጮኹ ውሾች፣ አጥንት የማያውቁ፣
ከጌታቸው ገበታ ቁራሽ የማይጠብቁ።
«አራት ቁጥር» ይላል፣ ትኬት ያስቆርጣል፤
ሲቀናው «በላሁ» ነው፤ ሲቀር ምራቅ ይውጣል።
እኔ ግን ከበሩ ወጣ ብዬ አስባለሁ፤
በዚህ አገር ቋንቋ ለምን ይሆን እላለሁ
መርታት «መብላት» ሆኖ፣ መረታት «መበላት»፣
ሆድን ግን ማንም ሰው ያላማከረበት።

እኔም የራሴ ውርርድ አለኝ። ሲስተሜን ስሙ።

ከውርርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት አትቅመሱ፤
ዋጋው የተለጠፈው ለቀናው ሰው ነው፣ ለኪሱ።
በሩ መስታወት፣ ወንበሩ ጨርቅ የለበሰ፣
ውሃው እንኳ በጠርሙስ፣ በሒሳብ የደረሰ።
ሲኖትራክ የቆመበትን ፈልጉ፤ ሾፌር አይሞኝም፤
ሆዱን በሊትር ያውቃል፣ ለስም ብሎ አይከፍልም።
ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቁ፤ ምሳ በልተው ሲበተኑ
ሽሮው ከድስቱ ሥር ይወፍራል፣ ያኔ ነው ቀኑ።
ከሁሉም በላይ ደግሞ
እጅ ሳትታጠቡ ዋጋ ጠይቁ።
ከታጠቡ ወዲያ ይሉኝታ አለ፤
እርጥብ እጅ ይዞ ማን ከወንበር ተነሥቶ ያውቃል?

የእኔ ቤት የዘለቃሽ ነው፣ ከጎሚስታው ጀርባ።
ቆርቆሮው ላይ «ምግብ አለ» ተብሎ ነበር፣ በኖራ።
ዝናብ «ምግብ»ን አጠበው፣
«አለ» ብቻ ቀረ።
በቂ ነው። አለ።
አንድ በያይነቱ ለሁለት፣ እንጀራ ጭማሪው በነጻ፤
ቃሪያ ብትጠይቃት ትሰጣለች፣
ብትለምናት ግን አትወድም።

በሁለተኛው ቀን አራት ቁጥር ቀደመ።
ሁለት ሺህ ሰባት መቶ! ሞላልኝ ዘለለ፣ የማያውቀውን ሰው ሳመ።
«ዛሬ ጎሚስታ ጀርባ የለም» አለኝ፣ «ዛሬ ሰው ነን።»
በመስታወቱ በር ገባን።
ታጠብን።
ሸክላ ጥብስ መጣ፣ ከሰሉ ከሥጋው በለጠ፤
አስተናጋጁ ቫቱን ደምሮ በቆዳ ደብተር አስቀመጠ።
ሞላልኝ ከፈለ፣ ሳቀም፣ ግን ሳቁ ቀደም ብሎ አለቀ።
«የቀረውን ላብዛው» ብሎ ወደ ውሾቹ ዘለቀ።
አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ
ሁሉም ተበላ።
ስሙን ያወጣችለት እናቱ፣ ያን ቀን ምኗ ሞልቶ ይሆን?

ማታ፣ ከእግራችን አቧራ ሌላ የያዝነው ሳይኖር፣
ከጎሚስታው ጀርባ ሄድን፤ አምፖሏ ገና አልጠፋም ነበር።
ዘለቃሽ አየችን። የሞላልኝን ፊት አየች፣
ሰዓቱን አየች፣
«ጥርስህ ላይ ሥጋ አለ» አለች፣
«ሆድህ ውስጥ ግን የለም።»
የድስቱን ሥር ፋቀችልን።
የአንድ ሰው ሒሳብ ጻፈች፣ በዱቤ ደብተሯ፣ በእኔ ስም።

ጨው ልጨምር ብዬ ጣሳውን ሳነሣ
ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት፤ ትኬት።
አራት ቁጥር አይደለም። ስድስት። ሃያ ብር።
ቀና ስል ዓይናችን ተገጣጠመ።
ጣሳውን በቀስታ መለስኩት፣ እንደነበር።
ሞላልኝ ጣቱን ይልሳል፤ አላየም።

«ጭማሪ ይምጣ?» አለች።
«ስንት ነው?» አልኩ፣ ከልማድ፣
እጄ እስከ አንጓው ሽሮ ነክቶ።