አምስተኛው በር

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ወር፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
ቧንቧው በውርጭ ደርቆ፣ ውሃው ከጎረቤት ተለምኖ በዕዳ፣
ጠርገን ወልውለን ቆየን፤ ሊመጣ ነው እንግዳ።

ከእኛ በፊት እዚህች ክፍል የነበሩ፣
ከመንዝ ስንቅ በአህያ እያስጫኑ የተማሩ፣
ስማቸውን በቆርቆሮው በር በምስማር የጫሩ።

ፍሬሕይወት ጥያቄ ጻፈች፦
«ስንት ሰዓት ታጠኑ ነበር?
እንቅልፍ በምን ይባረር ነበር?
በፈተና ሰሞን ምን ይበላ ነበር?»
ወረቀቱን አጣጥፋ ከኪሷ ከተተችው፣
እንደ ሐኪም ማዘዣ አከበረችው።

መጡ።
እንግዳወርቅ፣ የሞላሌ ጤና ጣቢያ አዋላጅ፣
ጥላነሽ፣ መንገድ ቀያሽ፣ ጫማዋ ጭቃ ለማጅ፣
ደብሪቱ ከዚሁ ከተማ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣
የሱፍ ብናኝ በቅንድቧ፣ አንድ ጆሮዋን ማሽን የነካው።
መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተጣበው፣
ግድግዳውን እንደ ደብዳቤ አንብበው፣
«ቁልፉ ዛሬም ከድንጋዩ ሥር ነው?» አሉን ቀድመው።

«አይ፣ አሁን የየራሳችን አለን።»
እርስ በርስ ተያዩ። ዝም አሉን።

ጥላነሽ ሳቀች፦ «እኔን ቆልፈውብኝ ያውቃሉ፣
በአንድ ጠርሙስ ላምባ ተጣልተን። ይኸው፣ አሁን ይስቃሉ!
ሌሊቱን ከፋብሪካው ዘበኛ እሳት ዳር አደርኩ፣
ጉንጬ በውርጭ ተላጠ፣ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ።»
እንግዳወርቅ ግን አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፋች፦
«የቆለፍኩት እኔ ነበርኩ» አለች።
«ከዚያ ሌሊት ወዲያ ነው ቁልፉ ድንጋይ ሥር የገባው።
ተጣሉ፤ አብሮ የሚኖር ሰው ጠባዩ ነው።
በሩን ግን በቂም አትዝጉት።
የእኛ ትምህርት ይኼ ነው፤ ሌላውን ከመጽሐፍ አግኙት።»

ፍሬሕይወት ወረቀቷን አወጣች፣ መልሳ ከተተች።

ደብሪቱ ከቦርሳዋ አወጣች አንድ ደብተር፣
ሽፋኑ የተላጠ፣ የብድር መዝገብ፣ የጣሳ ቁጥር፦
«ጥላነሽ፣ ሁለት ጣሳ በሶ። እንግዳወርቅ፣ ግማሽ ሳሙና።
ደብሪቱ፣ ስድስት ጣሳ ሽሮ፣ እስክሪብቶ፣ ሻማ፣ ሻማ እንደገና።»
«ማትሪክ ስወድቅ ይኼን ይዤ ጠፋሁ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣
«ካለፉት ፊት እንዴት ልቁም፣ የሽሮ ዕዳ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ?
ሁለት ዓመት በዚህ በር አላለፍኩም፤
በበሬሳ ድልድይ እዞር ነበር፣ ቢረዝምም።
እነሱም አልፈለጉኝም።»

«እውነቷን ነው» አለች እንግዳወርቅ፣ «አልፈለግናትም።
ማለፍ ክንፍ ሆኖን፣ ወደ ኋላ አላየንም።
ኋላ ጥላነሽ ስትታመም፣ በሌሊት በር ያንኳኳች፣
ብርድ ልብስ ተሸክማ የመጣች፣
ይቺው ባለዕዳ ነች።»

«ለመሆኑ» አለች ደብሪቱ፣ ፍራሾቹን በዓይኗ ስትቆጥር፣
«አራት ናቸው ተብዬ ነበር።»

ማን ይመልስ?
ስንዱ ባለፈው ሰኔ ወድቃ፣ ግሼ እንደገባች ቀርታለች፤
ፍራሿ ላይ የእኛ ጆንያ፣ የእኛ ሳጥን ተደርቧል፤
«ነበረች» እንላታለን፣ በቁሟ እያለች።

ሲመሽ ሸኘናቸው እስከ መናኸሪያው፤
ደብሪቱ ብቻ በእግሯ ሄደች፣ የሌሊት ፈረቃ ነው።
ፍሬሕይወት ያን ወረቀት አወጣችው፣
አንድም መልስ የለበትም። ገለበጠችው።
በጀርባው ጻፍን፦ «ይድረስ ለስንዱ፣ ከእኛ።
ሳሙናሽን ጨርሰን አልከፈልንሽም፤ ባለዕዳ ነን እኛ።
ጆንያውን ከፍራሽሽ ላይ አንስተናል።
ማለፍ መውደቁን ተይው።
አንድ ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ ከደፉ በስተግራ፣ ከድንጋዩ ሥር ነው።»

የግሼ መኪና ረዳት ተቀበለን፣ ኮፍያው ውስጥ ሸጎጠው።
ይስጣት፣ አይስጣት፣ እንጃ።
ማታ ማታ ብቻ፣ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲነካው፣
ሦስታችንም ከደብተራችን ቀና እንላለን፣
ድንጋዩ ተንቀሳቅሶ እንደሆን
ለመስማት።