አመድ አፋሽ

ከደብረ ብርሃን ወጥተን ሙሽ ሸለቆ ስንወርድ፣
ጆሮ ቆራጭ ነበር የዚያን ዕለት ብርድ።
ሽብሩ ሾፌራችን ከዳገቱ ላይ ቆሞ፣
ቀረ ራዲያተሩን እንደ በሽተኛ አስታሞ።
እኔ ግን ወረድኩኝ፣
ጎርፍ የሸረሸረው ገደል ስር ደረስኩኝ።
በነጩ አፈር መሀል ጥቁር መስመር አየሁ፤
በመዶሻዬ ጫፍ ቀስ አድርጌ ነካሁ።
የመሬት ዐይን ነው፣ ኩሉ ያልለቀቀ፣
ስንት ሚሊዮን ዓመት ሳይከደን የዘለቀ።

አያ ቸሬ የሚባሉ፣ ገብሳቸውን ትተው፣
ዱላቸውን ተክለው ቆሙ አጠገቤ መጥተው።
«ይነዳል ወይ ልጄ?» አሉኝ፤ ሌላ አልጠየቁ።
መልሱን ሳጠና ነው ዓመቶቼ ያለቁ።

ይነዳል።
ግን ከመቶው አርባ እጁ ውኃ ነው፤
ድኙ ትንሽ ነው፣ ደግ፤ አመዱ ግን ብዙ ነው።
ይህን ለማለት ነው፣
ስደቁስ፣ ሳደርቅ፣ በሸክላ ሲኒ አንድ ግራም መዝኜ፣
ስምንት መቶ ዲግሪ ከምድጃው ፊት ሆኜ፣
የሚነደው ነድዶ እስኪያልቅ ስጠብቅ፣
የተረፈውን ዱቄት በብሩሽ ስጠርግ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት።
ሰው «አመድ አፋሽ» ይላል፣ ሠርቶ ላልተመሰገነ፤
በኔ ግን ስድብ ሳይሆን የሥራ መደብ ሆነ።

ወርቅ ያማራቸው ጓዶች ሻኪሶ ወረዱ፤
ጋዝ ያማራቸውም ኦጋዴን ነጎዱ።
እኔ ሙሽ ቀረሁ። ቅኔዬ ቀላል ነው፤
ሰሙም ጥቁር፣ ወርቁም ጥቁር፣ ፈቺው ምድጃ ነው።

አባቴ ሰላ ድንጋይ ፈረሰኛ ነበር፣
በጥምቀት ሜዳ ላይ ስሙ የሚነገር።
ለቀብሩ ደረስኩኝ፣ ከረጢት ጠጠር ይዤ፤
«እሳት አመድ ወለደ» ሲባል ሰማሁ ፈዝዤ።

ተረቱን አልጠላሁም፤ አመድን አውቀዋለሁ።
ሲሊካው፣ ታይታኒየሙ፣ ከብረቱ ጋር፣
ዘሩን ቆጥሮ ይነግራል፣ እንደ ሽማግሌ ምስክር።
ከሰሉን ስሰነጥቅ ቅጠል ወጣ፣ ጅማቱ ያልተበጠሰ፤
ጠርዙን ትል ቀምሶታል፣ ቁርሱን ግን ያልጨረሰ።
በቅጠሉ ላይ ደግሞ ሌላ አመድ፣ ስስ፣ ግራጫ፣
ስሙ ከጠፋ ተራራ የመጣ፣ በአንድ ሌሊት የዘነበ።
እሳት አመድ ወለደ፤ አመድ ጫካ ቀበረ፤
ጫካው ከሰል ሆኖ ከገደል ስር አደረ፤
ከሰሉ እሳት ወለደ፤ እሳቱ ደግሞ አመድ፤
ማን ልጅ፣ ማን አባት ነው በዚህ የዘር ገመድ?

ሪፖርት ጻፍኩ። ሦስት ቅጂ፣ ሰባት ካርታ።
አንዱ መሥሪያ ቤቱ ሲዛወር ጠፋ፤
አንዱ ላይ ሻይ ፈሰሰበት፤
ሦስተኛውን አንድ ኃላፊ በቀይ እስክሪብቶ
«አያዋጣም» ብሎ ፈረመበት።
እውነቱን ነው። ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ጡረታ ወጣሁና በሳምንቱ ወረድኩኝ፤
መልሱን ለአያ ቸሬ ላደርስ ነው ያልኩኝ።
ሞተዋል፤ ስምንት ዓመት።
የልጅ ልጃቸው ይታክቱ ነጭ ሽንኩርት ስትኮተኩት
አገኘኋት። «ይነዳል» አልኳት።
ሣቀች።
«እሱንማ አያቴ ያኔውኑ፣ መኪናችሁ ሲሄድ፣
አንድ ቅርጫት አምጥተው አይተውት ነው ሲነድ።
ጭሱ ቤት አላስቀመጠም፣ ሰው ሁሉ ደጅ አደረ ይላሉ፤
ግን ነዷል። አመዱን እዚህ መደብ ላይ በተኑት፤
የዚያን ዓመት ሽንኩርቱ ጉድ ተባለለት።
እርስዎስ? አመዱን ምን አደረጉት?»

ኮቴ ኪስ ውስጥ አንዲት ብልቃጥ ነበረች፤
ቁጥሯ አሥራ ሰባት። ግማሽ ግራም አትሞላም።
ቡሿን ነቀልኩ። «ቆይ፣ ነፋስ ነው» አለች፤
መደቡ ላይ ተንበርክካ በመዳፏ ከለለች።