መስታወት የለሿ

ናስር አዋሰኝ፣ እስከ ማታ ድረስ፤
"ሞክረሃት ተመለስ፣ ዋጋው ላይ አንካሰስ፤
ሰማንያ ሺህ ነች፣ ከነሁለት ሌንሷ፣
የሰው እጅ ብትሆንም አልተነካም ነፍሷ።"

ከጃኬቴ ኪስ ውስጥ ገባች እንደ ሽልጦ።
ያ ነባሩ ግን፣ አንገቴን አጉብጦ
ሠርግ ለሠርግ ያዞረኝ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ዛሬ ከምስማሩ ላይ እንዲያርፍ ነው ውሉ።

ኮዬ ፈጬ ወረድኩ፣ መጨረሻው ፌርማታ፣
አስፋልቱ ተዳክሞ በአፈር ከሚረታ።
እዚህ ፎቅ፣ እዚያ ጤፍ፣ መሃል ላይ ጠጠር፤
ሲኖትራክ ሲያራግፍ አቧራው ሰማይ ሲያጥር።

"ክብደቷ፦" ብዬ ጻፍኩ በደረሰኝ ጀርባ፣
"ልጅ እንኳ ይይዛታል፤ እኔ ግን አውራ ጣቴን የት ላስገባ?
ትኩረቷ፦ ንስር ነች፤
ከሚከንፍ ባጃጅ ውስጥ የሹፌሩን ዓይን ለይታ ያዘች፣
ከነኩርፊያው።
ባትሪዋ፦ ወይ ጉድ! አምስት ሰዓት ላይ ሙሉ ነበረች፣
በሰባት ሰዓት እንደ ሰፈሩ መብራት ሳትሰናበት ጠፋች።"
ሁለተኛውን አጎረስኳት።

ሌንስ ልቀይር ብዬ ለነፋሱ ጀርባዬን ሰጠሁ፤
ከፍቼ ውስጧን አየሁ።
እውነትም መስታወት የለም።
ናፍጣ የፈሰሰበት ኩሬ የመሰለ አንድ ቁራጭ ነገር
ራቁቱን ተኝቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

የነባሩ መስታወት ብድግ ብሎ ሲወርድ "ቀጭ!" ይል ነበር፤
ሙሽራ ትንፋሿን ትውጣለች፣ አማት ነጠላዋን ታስተካክላለች፤
ሰው ሁሉ ያውቃል፣ መጡብኝ ይላል።
ይቺ ግን "ቤቶች!" ሳትል ትገባለች።

ወርቅያንሳትና ጓደኛዋ ባሬላ ተሸክመው ሲያልፉ አነሳሁ፤
አልሰሙም። ደገምኩ።
አንዷ ላቧን በትከሻዋ ስትጠርግ፣ ሌላዋ ስታዛጋ።
እንዲህ ያለ ፎቶ በአሥራ አንድ ዓመት አልያዝኩም።
ደስ አለኝ፤
ደስታዬ ግን፣ እንደ ሌባ፣ ግራ ቀኙን አየ።

ጋሽ ደበሌ፣ የብሎክ ዘጠኝ ዘበኛ፣
ዘጠኝ በቆመበት ላይ ያኔ ሽምብራ የዘራ፣
ከጀሪካኑ ላይ እንደተቀመጠ፣
"መቼ ነው የምታነሳኝ?" አለኝ።
"አንስቼዎታለሁ፣ አባቴ፤ ሦስቴ።"
"ሳልሰማ?"
"ድምፅ የላትም።"
ዱላውን ካንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረ።
"ሳልሰማ መነሳት፣ ልጄ፣ አንዴ ይበቃኛል።"

ሜኑው ውስጥ ገብቼ ፈለግሁ፤
የውሸት ድምፅ አላት፣ ከፈትኩት።
ካፖርቱን ቆለፈ፣ አፉን ገጠመ፣ አገጩን አቀና።
ቀጭ።
ሦስቱን አሳየሁት፤ እያየኝ አጠፋሁ። አራተኛው ቀረ፤
ደረቅ ነው፣ የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል።
የራሱ ነው።

ማታ ናስር ጠየቀኝ፦ "እህስ፣ እንዴት ነች?"
"ጥሩ ነች። ባትሪዋ ሆዳም ነች።
ደግሞ ሰማዩ ላይ፣ ይኸው እዚህ ጋ፣ ነጥብ ይታያል፤
የኮዬ አፈር ገብቶባታል። ሰባ አድርግልኝ።"
ስክሪኗን ወደ አምፖሉ አዙሮ ሳቀ፦
"አቧራ እኮ ነች፤ እፍ ስትላት ትነሳለች።"