የተጠቃሚ ብዛት

ቅጹ ዐሥራ አራት ገጽ ነው። እኔ ነኝ የሞላሁት፣
በኮሚቴው ስም፣ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ኋላ በቀለም የጻፍሁት።
«የፕሮጀክቱ ስም?» ይላል። «የሽምብጥ ሐይቅ ዳርቻ።»
«የሚጠየቀው ድጋፍ?» ይላል። ቁጥር ነው የሚሻው፣ ቁጥር ብቻ።

«ዓላማው?» ሲል እጄ ቆመ። የተሰጠኝ አንድ መስመር፣
ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ጣና፣ ዳር የሌለው፣ የማይታጠር።
እንዴት ብዬ ላስገባበት፣ እኛ የሐይቅ ዳር ልጆች፣
ሐይቁን ለማየት ሻይ እንደምንገዛ፣ እንደ ሩቅ አገር እንግዶች?
እናኑ የአምባዛ ሳፋዋን አውርዳ አስፋልት ዳር እንደምታርፍ፣
ከቱቦ ክዳን ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷ ላይ ባጃጅ ጭቃ ሲያራግፍ?
ጻፍሁ፦ «ማኅበረሰቡን የአረንጓዴ ሥፍራ ተጠቃሚ ማድረግ።»
ስመኘው አነበበና ሳቀ፤ «ይኸው ደረስህ ለወግ ማዕረግ።»

ከዚያ የበጀት ሠንጠረዥ፦ ዐሥራ ሁለት የድንጋይ ወንበር፣
ስምንት መቶ ሜትር መንገድ፣ የእንጨት መረማመጃ፣ የኳስ ሜዳ ሣር።
ጥላ ብዬ ብጨምርበት፣ አርባ ዋንዛ፣ አርባ ብሳና፣
ሰረዙት በቀይ እስክሪብቶ፤ «ጥላ አይለካምና።
ወንበር በሦስት ወር ያልቃል፤ ለዋንዛ ግን ማን ይቆያል?
በጀት ሰኔ ሠላሳ ሲሞት፣ ዛፍ ገና መሬት ይለምዳል።»

የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስሁ፦ «የተጠቃሚ ብዛት፣ በጾታ፣
በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት፤» አንዲት ሣጥን፣ ለሁሉ አንድ ቦታ።
አቶ ያዛቸውን አስታወስሁ፣ ደንገል ቆርጦ ታንኳ ሲሠራ፤
እኛ መንገድ የምንለው ረግረግ፣ ለሱ ደግሞ የዕለት እንጀራ።
ተጠቃሚ ነው ወይስ ተጎጂ? ሣጥኗ ይህን አትጠይቅም፤
«ወንድ፣ ከስልሳ በላይ፣ አንድ» ብዬ ጻፍሁት፤ ብዕር አያፍርም።

ገንዘቡ መጣ፤ ከጠየቅነው ግማሹ፣ ከቀጠሮው ዘግይቶ፣
ወንበሩ ስድስት ሆነ፤ የእንጨቱ መረማመጃ ቀረ ተረስቶ።
«የማኅበረሰቡ ድርሻ፦ ከመቶ ዐሥር፣ በገንዘብ ወይ በጉልበት።»
ጉልበት አልን፤ ገንዘቡማ ከየት መጥቶ ከእኛ ቤት።
ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ ተሸከምን፤ እድሩ አካፋ አዋሰን፣
ለቀብር በተገዛ አካፋ የመዝናኛ ጉድጓድ ማስን።

ሜዳው ሣር ለበሰ፣ በነሐሴ ዝናብ ጠግቦ፣
የሰፈሩ ልጅ ከየጓዳው ወጣ፣ እንደ ንብ ተሰብስቦ።
ጡረተኛው ባምላኩ፣ ስልሳ ዓመት ሽምብጥ የኖረ፣
«ፀሐይዋ እዚህ ነው የምትጠልቀው?» አለ፣ አንገቱን እያዞረ።

አንድ ጧት ግን ሣሩ ታጭዷል! ግማሽ ሜዳ፣ እስከ ሥሩ፣
ባለ አራት ጣት ኮቴ ወርዷል ወደ ሐይቁ፣ ወደ ዳሩ።

ጉማሬ ነው።

ማታ ማታ፣ ዘበኛው ሲያንቀላፋ፣ ከውሃው ወጥቶ፣
የመንግሥትን ሣር ይግጣል፣ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ጉርድ ፎቶ።

ማንጠግቦሽ ከክልል መጣች፣ ሜትር ይዛ፣ መነጽር አርጋ፣
«የጎደለው ሣር የት ሄደ?» አለች፣ «ግማሽ ሜዳ፣ በብር ዋጋ!»
ስመኘው ወደ ውሃው ጠቆመ። ዝም። ሁለት ጆሮ ብቅ አለ፣
እንደ ቅጠል ተርገበገበ፣ ውሃ ረጭቶ ተከለለ።
ሳቀች። ከክልል የመጣ ሰው ሲስቅ ያን ቀን አየሁ፣
ጫማዋን ፈትታ ከወንበሩ ስትቀመጥ አጠገቧ ቆምሁ።
ድንጋዩ ግሎ ሲለበልባት፣ «ዛፍ አልተከላችሁም?» አለች፤
ቀይ ሰረዙን አሳየኋት፤ ከሥሩ የራሷን ፊርማ አየች።
ብዙ ቆየች። ከዚያ ጫማዋን አሠረች፣ ቀስ ብላ፤
«በሚቀጥለው ቅጽ» አለች፣ «በሌላ ስም ጻፉት ጥላ።
የሙቀት መቀነሻ መሠረተ ልማት በሉት፤ ያኔ ያልፋል፣
ስም ነው እንጂ የሚሰረዝ፣ ዛፉማ ማንን ይጎዳል?»

ሪፖርቱን ትናንት ጨረስሁ። ወንድ ሦስት መቶ፤ ሴት ሁለት መቶ ዘጠና፤
እናኑ አለችበት፤ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ ታያለች ወደ ጣና።
ያዛቸው የለበትም። ደንገል ፍለጋ ሄዷል፣ ከዘጌ ማዶ፤
አንድ ቀነስሁ፤ ያ አንድ ቁጥር አደረ ሆዴ ውስጥ ከብዶ።

«ሌላ» የሚል ሣጥን ነበር፣ ከታች፣ ማንም የማይሞላው፤
«አንድ» ብዬ ጻፍሁበት። ጾታው አልተጣራም። ማታ ነው የሚመጣው።