ጨውና ጎረቤት

ኮምቦልቻ፣ ቆዳ ፋብሪካ፣ አሥራ አንድ ዓመት በጨው ክፍል፤
ሥራዬ ቆዳ ማዳን ነው፣ ከሽታ፣ ከትል፣ ከመበከል።
ሌጦው ከባቲ ሲራገፍ፣ የበጉ ከጃማ ሲመጣ
ጨው እንደ ከፈን አለብሳለሁ፣ ውኃው ተንጠፍጥፎ እስኪወጣ።

«አንዲት የማትታይ ነፍስ እንኳ ተደብቃ ከተረፈች
ጠጉሩ በነጋታው ይረግፋል፤ ንጹሕ አድርገው፣ ይመር» አለች
አለቃዬ ዙበይዳ፣ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት።
እኔም ንጽሕናን ተማርኩኝ፤ አመንኩት እንደ ሃይማኖት።

ሆዴ የጮኸ ቀን ለሱም ጨው ፈለግሁለት፣ ሌላ፤
ከመነኻሪያው ጥግ መድኃኒት ቤት፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ መላ
ቀይና ጥቁር እንክብል፣ አራት ፍሬ፣ ስድስት ፍሬ፤
ሲሻለኝ ቀሪው በኪሴ፣ ሲያመኝ ደግሞ ተበድሬ።

ስንቱ ክረምት እንዲህ አለፈ፤
ዘንድሮ፣ ሰኔ ላይ፣ ደም አየሁት።
ከሚስቴ ከሉባባ አፍሬ «ሆድ ይፍጀው» ብዬ ደበቅሁት።
ሆድ ግን መፍጀት አልቻለም፤ ሆዴን ራሱን ፈጀው እሳት።

ሐረጎን ሽቅብ በሚኒባስ፣ ጉሙ መስታወት ሲልስ
ሦስቴ «ወራጅ አለ» አልኩኝ፤ ሦስቴ ከቁጥቋጦ ስመለስ
ረዳቱ ዓይኔን አላየም፤ ሒሳብም አልተቀበለኝ።
ደሴ ከጦሳ ሥር በርዳ፣ ለትኩሳቴ ደግ ሆነችልኝ።

ዶክተር ጦይባ ካርዴን አየች፤ ሆዴን በመዳፏ ዳሰሰች፤
«ብግነት ነው» አለች።

ቃሉንስ አውቀዋለሁ። በግኛለሁ በደመወዝ፣ በአከራይ፣ በሰው፤
አንጀት ግን በማን ይበግናል? ያስቆጣው ጠላቱስ ማነው?

«ጠላት የለም፣ ይመር» አለች፤ «ክፋቱም ይኸው ነው እሱ።
አብዛኛው ዘብህ የሚያድረው አንጀትህ ዳር ነው፤ ለነሱ
ማን ሌባ፣ ማን ጎረቤት እንደሆን የሚያስተምሯቸው ነበሩ፤
ዓይን የማያያቸው፣ እልፍ አእላፍ፣ ከእናትህ ጀምሮ አብረውህ የኖሩ።
የማትፈጨውን የገብስ ልጣጭ፣ የሽምብራውን ገለባ
እነሱ ያብላሉታል፤ ኮምጣጣው ጠብ እያለ ሲገባ
ግድግዳህ ይጠገናል፤ ዘቡም ጣቱን ከቃታው ያነሳል፤
‹ይህስ የሰፈር ሰው ነው› ይላል።
አንተ በእንክብል ጠረግሃቸው፤ ክፉውም ደጉም ወጣ።
ዘቡ ብቻውን ቀረ፣ ሌሊት፤ የሚመክረው ሽማግሌ አጣ።
ኮሽ ባለ ቁጥር ይተኩሳል፣ በገዛ ግድግዳው፣ በገዛ ቤቱ።
ይህ ብቻ አይደለም፤ ዘርም አለ፤ የማናውቀውም ብዙ ነው ምክንያቱ።»

ዝም አልኩ። ሰው የሸሸው ሰፈር፣ በኮሽታ የሚተኩስ ዘብ
ለኮምቦልቻ ሰው ምሳሌ አይደለም፤ አያሻውም ማሰብ።

ቁልቁል ስወርድ፣ ቦርከና ሲታየኝ፣ ሌጦዎቼን አሰብኩ፤
አሥራ አንድ ዓመት የራሴን ገላ በቁሙ ሳለፋ ኖርኩ።
ሌጦ ንጹሕ ነው። አይበግንም፣ አያተኩስም፣ አይነፋውም፤
ንጹሕ የሆነው ስለሞተ ነው።
ይህን ማንም አልነገረኝም።

የሚዋጥ ሰጥታኛለች፤ ገብስም፣ ሽምብራም፣ እርጎም።
«ሁሉም አይመለሱም» ብላለች፤ «የሄደ ሁሉ አይመጣም።»
ለሉባባ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣
ቀጥሎ ዞር ብላ ሽምብራ ዘፈዘፈች።

አሁን ሐምሌ ነው። ደሙ ቀንሷል፤ አልጠፋም።
ጨው ክፍል እገባለሁ አሁንም፤ እንጀራ ነው፣ አልተውም።
ሌሊት ግን፣ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣
ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ጉርርር ይላል፣ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ።

ድሮ መልሱ እንክብል ነበር።
አሁን እጄን አኑሬበት አዳምጣለሁ።
ዕቃውን ያዘለ፣ ዝናብ የመታው ተመላሽ ይመስለኛል፤
ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል።

ግቡ።