ስፌት የለሽ

በሐዋሳ፣ በሼዱ ውስጥ፣ በመስመር ሰባት ላይ፣
አራት ዓመት ቀጭኔ ሰፋሁ፣ አንድ ቀጭኔ ሳላይ።
ለማላውቀው ሕፃን፣ ለማላውቀው አገር፣
የፒጃማ እጅጌ፣ የፒጃማ እግር።
ደረቱ ላይ ዝሆን፣ ጀርባው ላይ አንበሳ፣
ሁሉም ፈገግ ያለ፣ አንድም የማያገሳ።
በሰዓት ስድሳ የሜዳ አህያ በጣቴ ሥር ያልፋል፤
መስመሩ ከመስመር ካልገጠመ
"ሪጀክት" ይባልና ቅርጫት ውስጥ ያርፋል።

እሑድ ዕለት ዘርፌ መጣች፣ ሚኒባስ ተከራይታ፣
ከደሞዝ ማግስት ጠብቃ፣ ከየኪሳችን ብር አስወጥታ።
"ሰንቀሌ እንሂድ፣ ቆርኬ እንይ፣ እስከ መቼ ከጨርቅ!"
አስካለች "የሰፋሁት ይበቃኛል" ብላ ነበር በሳቅ።
መጣች ግን፣ የእህቷን ጫማ ተውሳ፣
ቂጣ በፌስታል ቋጥራ፣ የሹፌሩንም ድርሻ ሳትረሳ።

ሻሸመኔን አልፈን፣ በአጄ መንገድ ላይ፣
ሹፌሩ በመስታወቱ አጮልቆ ሲያይ
"ሳፋሪ ናችኋ!" አለን።
ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ማንበቡን አይደለም፣ መስፋቱን፤
ስድስት ፊደል ነው፣ በብርቱካንማ ክር፣
የአምስተኛው እግር ሁልጊዜ የሚያስቸግር።

በሩ ላይ ጋሽ በዳሶ፣ የጥበቃው ሰው፣
ቦት ጫማው ጎኑ ተቀዶ የተሰፋ
(የእጅ ስፌት ነው፤ ጥሩ ነው፤ ዓይኔ ታዘበ)።
"አንበሳ አለ?"
"የለም።"
"ዝሆን?"
"የለም።"
"ቀጭኔስ?" ስለው ሳቅ አለና
"ቆርኬ ነው ያለን" አለ፣ አገጩን ወደ ሣሩ አቀና።

መጀመሪያ ያየሁት ኩይሳ ነው።
ቀጥሎ ኩይሳው ቀንድ አወጣ።
ሱፐርቫይዘራችን በርጩማ ላይ ቆማ እጃችንን እንደምትቃኝ፣
እሱም ከኩይሳው አናት አየኝ።
ሌሎቹ ከበታቹ ይግጣሉ፣ ጆሯቸው ብቻ ከሣር በላይ፤
እነሱ እስኪጠግቡ እሱ ነው የሚያይ።

ዓይኔ ልማዱን አይተውም፣ ስፌት ፈለገ፤
በብብቱ ገባ፣ በአንገቱ ዞረ፣ በጭኑ ወረደ፣
ክር አጥቶ፣ ቋጠሮ አጥቶ፣ ባዶውን ሄደ።
ቡናማው ከጥቁሩ ታፋው ላይ ሲገጥም
መገጣጠሚያ የለም።
"ማን ሰፋህ?" አልኩት በሹክሹክታ፣
"ማንስ ነው እንዲህ አድርጎ የተኮሰህ?"
ወዲያው ምላሴን ነከስኩ።
ቃሉ ለእኔ ካውያ ነው፤
ለእሱ ጥይት።

ጋሽ በዳሶ ይቆጥራል፣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።
"ሠላሳ አንድ" አለ። "ትናንት ሠላሳ ሁለት።"
"አንዱስ?"
"ወይ ሣር ውስጥ ተኝቷል፣ ወይ..."
አልጨረሰውም።
ኮዳውን አንግቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልየው ብሎ ሄደ፤
ለአንድ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ሣር፣ ወደ ማዶ ወረደ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ መሽቷል።
አቧራው ጸጉራችን ውስጥ፤ ዘርፌ ተኝታለች፣ አፏን ከፍታ።
"አገኘው ይሆን?" አለች አስካለች፣ ከረጅም ዝምታ።

ሰኞ። ደወል። ቀጭኔ፣ ቀጭኔ፣ ቀጭኔ።
ማሽን አሥራ አራት ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፤
ከእሷ በፊት የነበረችው ቀይ ሻርፕ ታስር ነበር፣
ሳል ነበረባት፣ ሳሏን በክንዷ ታፍን ነበር።
አንድ ጠዋት ቀረች።
ካርዷን ሰረዙት፣ በማግሥቱ ቁጥሩ ሞላ፣
ማንም አልጠየቀም።
እኔም።

ለምሳ ሲደወል በርጩማው ባዶ ነበር።
ወጣሁበት።
ከላይ ሲታይ መስመር ሰባት ረጅም ነው፣
አናት ብቻ ነው፣ መረብ ያጠለቀ አናት፣ እስከ በሩ ድረስ።
"አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ላይ?"
ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣
"ቆይ" አልኩ፣
"አንድ ጎድላለች።"