ጆሮ ያለው ፉርጎ

ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ፣ የእንዶዴ ሐዲድ አልቦታል፤
ሠላሳ ሁለት ፉርጎ ቆሟል፣ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል።
ጭነቱ ማዳበሪያ ነው። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።
“ከውጭ አገር የተሠራ፣ ለአገር ደኅንነት ሲባል፣
ሳይፈተሽ አይንቀሳቀስ” ይላል ደብዳቤው፤
ማኅተሙ ከፊርማው በልጦ ይታያል።

ካቻቢቴዬን ይዤ ከፉርጎው ሆድ ሥር ገባሁ፤
የግማሽ ጡብ ታህል ጥቁር ሳጥን ፈትቼ አወጣሁ።
አረንጓዴ ዐይን አላት፤ ትጨፍናለች፣ ትገልጣለች።
የት እንደቆምን፣ ስንት ኩንታል እንደጫንን፣ ስንቴ እንደዘገየን
ለማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ስትናገር ኖራለች።

ኖራለች ይላሉ። እኔ ያየሁት መብራቷን ብቻ ነው።

ግምጃ ቤት፣ ወይዘሮ ዘርትሁን
አሥራ ዘጠኙን ሳጥን ከመደርደሪያው ደረደረች፤
ስለ አማቿ ልታማኝ ጀምራ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።
“ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል፣ ግድግዳው እኮ የኛ ነበር” አለች፤
የወለል መወልወያ ጨርቅ አምጥታ ዐይኖቹን ሁሉ ሸፈነች።
ከጨርቁ ሥር አረንጓዴው ይተነፍስ ነበር።

“የውጭ የሆነ ሁሉ ይመዝገብ” አሉኝ አቶ ጉርሜሳ።
ተቀመጥሁ። ፍሬኑን ጻፍሁ፣ ብሎኑን ጻፍሁ፣
ቀና ብዬ ጠረጴዛዬን አየሁ፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ።
ፉርጎ ራሱ፣ ባቡር ራሱ፣
አባቴ ጡረታ የወጣበት ለገሃርም፣
ስማቸው ሳይቀር ባሕር ተሻግሮ፣ አፋችን ውስጥ ከርሞ፣
ማን ፈትሾ አሳለፋቸው? በየትኛው ኬላ?
መዝገቡ ሞላ። እስክሪብቶው ቀረ።
እሱንም ጻፍሁት።

ውጭ ብረት ይጮኻል። ጋሽ ወርዶፋ ነው።
ሳጥኗ ስትገጠም በጊዜ የተሰናበተ፣
ሳጥኗ ስትወርድ በስልክ የተጠራ።
ከመንኮራኩር መንኮራኩር፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣
በመዶሻ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ያልፋል።
“ደኅና ብረት ይዘፍናል፤ የታመመ ያጉረመርማል” ይላል።

አሥራ አንደኛው ላይ ቆመ። መታ። ደግሞ መታ።
“እዚህ ጋ ስንጥቅ አለ። ይቺ ሳጥንሽ ነግራሽ ነበር?”

ነግራ ይሆናል፣ አልሁት። ለኔ አይደለም እንጂ።

መዶሻውን ተቀብዬው አገላበጥሁት፤
እጀታው ከግቢው የተቆረጠ ወይራ፣ ላብ ያለሰለሰው፤
አናቱ ግን የድሮ ሐዲድ ስባሪ፣
ሦስት የፈረንጅ ፊደል ገና ያልጠፋበት።
መዝገቡ በብብቴ ነው። አልከፈትሁትም።

ከገላን ማዶ ደመናው ወረደ።
የታረሰው መሬት ጠቁሮ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤
እኛ ደግሞ የማን ጆሮ እንደሆነ እንጣራለን።
ጋሽ ወርዶፋ እጁን ዘረጋ።
“አምጪ እንጂ” አለኝ፣ “ሃያ አንድ ይቀረኛል።”